የእህቴ ልጅ ላፕቶፕና ስሙ የጠፋው ዋይፋይ

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛንላት። ሜሞሪው 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ 128 ጊጋባይት የሆነ፣ ክዳኑ ላይ ካለው ጭረት በቀር ደህና የሚባል ዕቃ ነበር። ሻጩ የጫነበት ዊንዶውስ ፈቃድ የሌለው ስለነበር፣ እኔም በሥራዬ ምክንያት ለዓመታት በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ስጠቀም የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ልጫንላት ብዬ ተነሣሁ። ጭነቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ድምፁ ሠራ፤ ካሜራው ሠራ፤ ማሽኑም ከበፊቱ ይልቅ ቀልጠፍ አለ። በስክሪኑ የቀኝ ጥግ ያለውን ምናሌ ስከፍት ግን ብሉቱዝ የሚል ቃል አለ እንጂ ዋይፋይ የሚል የለም። "አልተገናኘም" አይልም፤ "ተዘግቷል" አይልም፤ ጭራሽ ስሙ የለም።

ይህን ተሞክሮ በዝርዝር የምጽፈው፣ በዚያ ሰዓት ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ሦስት ምሽት ስላስከፈለኝ ነው። ዋይፋይ አለመገናኘቱና ዋይፋይ ጭራሽ አለመኖሩ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከሆነ ነገሩ ያለው በይለፍ ቃል፣ በራውተር ወይም በአውታረ መረብ ቅንብር አካባቢ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ሥርዓቱ የዋይፋይ ካርዱን ገና አላወቀውም ማለት ስለሆነ፣ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራትም ሆነ የይለፍ ቃሉን ደግሞ ማስገባት ምንም አይፈይድም። እኔ በመጀመሪያው ምሽት ራውተሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ያ አልበቃ ብሎኝም ኡቡንቱን ከነአካቴው ደምስሼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ውጤቱ ያው ሆነ። ሲጭኑት ያልነበረ ድራይቨር (ካርዱን ከሥርዓቱ ጋር የሚያነጋግር ሶፍትዌር) ደግመው ስለጫኑት እንደማይመጣ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር፤ ግን ሰው ሲደክመው የሚያውቀውን ነገር ይደጋግማል።

በማግሥቱ ልጅቷ ላፕቶፑን ይዛ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄደች። ጠጋኙ ማሽኑን ሳይከፍት "ካርዱ ተቃጥሏል፤ መቀየር አለበት" ብሎ ዋጋ ነገራት። ወደ ቤት ስትመለስ ፊቷ ላይ የነበረውን አልረሳውም። "ጋሼ፣ ዊንዶውሱን መልስልኝና ይቅር" አለችኝ። ያኔ ነው ቆም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ይህ ካርድ ከሁለት ቀን በፊት በዊንዶውስ ላይ ሲሠራ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በመሐል ማሽኑ አልወደቀም፣ ውሃም አልነካውም፣ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። እንግዲህ ተቃጥሏል የሚለውን ፍርድ ለመቀበል ከሶፍትዌሩ በኩል ያለውን ሁሉ አጣርቶ መጨረስ ያስፈልጋል። እርስዎም ተመሳሳይ ነገር ቢገጥምዎ፣ ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት "ይህ ካርድ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ተለወጠ?" ብለው ይጠይቁ።

ከዚህ በታች ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው በአነባበባቸው ነው፤ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሲተይቧቸው እንደተለመደው በላቲን ትንንሽ ፊደላት መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ትእዛዝ "ኤልኤስፒሲአይ" ይባላል። ከኋላው ሰረዝና "ኤን ኤን ኬ" የሚሉት ሦስት ፊደላት ሲታከሉበት፣ በማሽኑ ውስጥ የተገጠሙትን ካርዶች ስማቸውን፣ መለያ ቁጥራቸውንና የያዛቸውን ድራይቨር ጨምሮ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ "ኔትወርክ ኮንትሮለር" የሚለውን መስመር ፈለግሁ። ተገኘ፤ ብሮድኮም ቢሲኤም43142 ይላል። በዚህች መስመር ብቻ የጠጋኙ ፍርድ ውድቅ ሆነ ባይባልም በእጅጉ ተዳከመ፤ የሞተ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ ስሙን አይናገርም። ካርዱ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ እዚህ አይታይም፤ ለእሱ "ኤልኤስዩኤስቢ" የሚለውን መጠቀም ያስፈልጋል። በቅንፍ ውስጥ ያሉትን፣ በሁለት ነጥብ የተለያዩትን መለያ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። መፍትሔ ሲፈልጉ ከላፕቶፑ ሞዴል ይልቅ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች በውስጣቸው የተለያየ ካርድ ሊይዙ ይችላሉና።

ሁለተኛውን ምሽት የበላብኝ ከዚያ ሥር ያለው መስመር ነው። "በሥራ ላይ ያለ ድራይቨር" በሚለው አንጻር ባዶ ቦታ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን "ቢሲኤምኤ ፒሲአይ ብሪጅ" የሚል ስም አስቀምጧል። ድራይቨር አለው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የጎደለው ፈርምዌር መሆን አለበት ብዬም ገመትኩ። ሁለቱን ለማያውቅ አንባቢ፣ ድራይቨር በማሽኑ ፕሮሰሰር ላይ የሚሮጥና ከካርዱ ጋር የሚነጋገር የከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) አካል ሲሆን፣ ፈርምዌር ደግሞ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደ ካርዱ ተልኮ በራሱ በካርዱ ውስጥ የሚሠራ ፋይል ነው። "ቢ43" ለሚባለው የብሮድኮም ካርዶች ድራይቨር የሚሆነውን ፈርምዌር አውርጄ ጫንኩ፤ አጥፍቼ አበራሁ፤ ምንም የለም። "ዲሜስግ" በሚለው ትእዛዝ የከርነሉን መልእክቶች ሳይ፣ 43142 የሚል ቁጥር ያለው ቺፕ ማግኘቱን ይናገርና ከዚያ ወዲያ ዝም ይላል። ዝምታው ራሱ መልስ ነበር፤ እኔ ግን አላነበብኩትም። "ቢሲኤምኤ" የዋይፋይ ድራይቨር አይደለም፤ በካርዱና በእውነተኛው ድራይቨር መካከል ያለ ድልድይ ብቻ ነው። በሩን ከፍቶ እንግዳውን ያስገባል እንጂ አያስተናግድም። "ቢ43"ም ቢሆን ይህን ቺፕ አይደግፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሮድኮም በ2010 ለተወሰኑ ካርዶቹ ኮዱ ክፍት የሆነ ድራይቨር አውጥቷል፤ እሱም ዛሬ የከርነሉ አካል ነው። 43142 ግን ከእነዚያ ውስጥ የለበትም። ለእሱ የሚሆነው "ደብሊውኤል" የሚባለው፣ ዋናው ክፍሉ ኮዱ ሳይገለጥ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ ድራይቨር ነው። የኡቡንቱ አሰናጆች ከከርነሉ ጋር አብረው ሳይሆን ለብቻው፣ "ቢሲኤምደብሊውኤል ከርነል ሶርስ" በሚባል ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) አዘጋጅተው አስቀምጠውታል፤ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት በሆነው በዴቢያን ደግሞ "ብሮድኮም ኤስቲኤ ዲኬኤምኤስ" ይባላል። ከነገሩ ሁሉ ያስገረመኝ፣ እኔ ለዓመታት "ሊኑክስ ላይ ድራይቨር መፈለግ ቀርቷል" እያልኩ ለጓደኞቼ ስናገር መኖሬ ነው። እውነቱ ግን የእኔ ላፕቶፕ የኢንቴል ካርድ ያለው በመሆኑ፣ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ አንድም ቀን ተፈትኜ አላውቅም ነበር።

መፍትሔው ከታወቀ በኋላ የሚመጣው እንቆቅልሽ ለብዙዎቻችን የታወቀ ነው፤ ኢንተርኔት የሚያመጣውን ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ቀጭን ከሚባሉት ወገን ስለሆነ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ የለውም። እዚህ ላይ ያዳነኝ ስልኬ ነው። አንድሮይድ ስልክን በቻርጀሩ ኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ፣ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ሆትስፖት ካለበት ገጽ ላይ "ዩኤስቢ ቴዘሪንግ" የሚለውን ማብራት በቂ ነው። ኡቡንቱ ስልኩን እንደ ባለ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል፤ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። የሞባይል ዳታ ፓኬጅ ያልቅብኛል ብለው የሚሠጉ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፤ ስልክዎ በቤት ዋይፋይ ላይ ሳለ ዩኤስቢ ቴዘሪንጉን ቢያበሩት የሚያጋራው ያንኑ ዋይፋይ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ዳታዬን ከፍቼ የቀኑን ፓኬጅ ጨርሻለሁ። ኬብሉን በተመለከተም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ አንዳንድ ርካሽ ኬብሎች ባትሪ ይሞላሉ እንጂ መረጃ አያስተላልፉም። የቴዘሪንጉ ማብሪያ አልነካም ብሎ ደብዝዞ ከቀረ መጀመሪያ ኬብሉን ይቀይሩ።

ኢንተርኔቱ እንደመጣ "ሱዶ አፕት አፕዴት" ብዬ የፓኬጆቹን ዝርዝር አደስኩ፤ ቀጥሎም ፓኬጁን በስሙ ጠርቼ ጫንኩት። ተርሚናል የሚከብደው ሰው "ተጨማሪ ድራይቨሮች" የሚለውን ፕሮግራም ከፍቶ የብሮድኮሙን መርጦ "ተግብር" ቢል ያው ሥራ ይሠራለታል። በጭነቱ መሐል አንድ ሐምራዊ ገጽ መጣና የይለፍ ቃል አውጣ አለኝ። ለምን እንደሆነ በደንብ ሳላነብ አንድ ቃል ሰጠሁትና ቀጠልኩ። ማሽኑን አጥፍቼ ሳበራው ደግሞ ከኡቡንቱ በፊት ሌላ ሰማያዊ ገጽ ብቅ አለ፤ በእንግሊዝኛ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን ይላል፤ ከሥሩ ከ10 ወደ ታች የሚቆጥር ቁጥር አለ። ስህተት የተፈጠረ መስሎኝ እጄን ሰብስቤ አየሁት። ቆጥሮ ጨረሰና ወደ ኡቡንቱ አለፈ። ዋይፋይ የለም። "ሱዶ ሞድፕሮብ ደብሊውኤል" ብዬ ድራይቨሩን በእጄ ለማስነሣት ስሞክር፣ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚል ትርጉም ያለው የስህተት መልእክት መለሰልኝ።

ይህ መልእክት ከመጣብዎ ደስ ይበልዎ፤ ድራይቨሩ በትክክል ተጭኗል፣ የቀረው የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሴኩር ቡት የሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ነው። ሴኩር ቡት በበራበት ማሽን ላይ የኡቡንቱ ከርነል የታወቀ ፊርማ የሌለውን ሞጁል (ወደ ከርነሉ የሚገባ እንደ ድራይቨር ያለ ክፍል) አያስገባም። ከከርነሉ ጋር አብረው የሚመጡት ድራይቨሮች በአሰናጆቹ ፊርማ የታተሙ ናቸው፤ ይኸኛው ግን በእርስዎ ማሽን ላይ፣ እርስዎ ባሉበት፣ "ዲኬኤምኤስ" በሚባለው መሣሪያ የተገነባ ስለሆነ የሚፈረመው እዚያው ማሽኑ ላይ በተፈጠረ ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ የባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ሰው ራሱ ማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ መመስከር አለበት። ሐምራዊው ገጽ ቃል የጠየቀኝ ለዚህ ነበር፤ ሰማያዊው ገጽ ደግሞ ያንን ቃል ሊቀበለኝ 10 ሰከንድ ጠብቆኝ ነበር። ካለፈ ጥያቄው ይሰረዛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣም ራሱ አይመለስም።

እንደገና ለማስጠራት "ሱዶ ሞክዩቲል" ብሎ፣ ከሁለት ሰረዞች በኋላ "ኢምፖርት" የሚለውን አስከትሎ፣ የቁልፉን ፋይል አድራሻ መስጠት ያስፈልጋል፤ በኡቡንቱ ላይ ፋይሉ የሚገኘው "ቫር" ውስጥ "ሊብ"፣ ከዚያ "ሺም ሳይንድ"፣ ከዚያ "ሞክ" በሚለው ማህደር ውስጥ ነው። አዲስ ቃል ይጠይቃል። ይህ ቃል አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ የተወሳሰበ መሆን የለበትም፤ ሰማያዊው ገጽ የሚያውቀው የአሜሪካኑን የእንግሊዝኛ ኪቦርድ አቀማመጥ ብቻ ስለሆነም ስምንት አሃዝ ያለው ቁጥር ቢሆን ይመረጣል። ማሽኑ ሲነሣ በዚህኛው ዙር ጣቴን አስቀድሜ ቁልፉ ላይ አሳርፌ ጠበቅሁት። ገጹ ሲመጣ ተጫንኩ፤ "ኢንሮል ሞክ" የሚለውን መረጥኩ፤ "ኮንቲኒዩ"፣ ከዚያ "የስ" አልኩ፤ ቁጥሩን አስገባሁ፤ "ሪቡት" አልኩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ኡቡንቱ ተነሣ፤ በቀኝ ጥግ ያችን የማራገቢያ ቅርጽ ያላት ምልክት አየኋት፤ ስነካት የጎረቤቶቻችን ዋይፋይ ስሞች ተራ በተራ ወረዱ። ልጅቷ ከሳሎን "መጣ?" ብላ ጮኸች።

ብዙ ሰው ሴኩር ቡትን ከባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ ከሚሠራው ቅንብር) ውስጥ አጥፉትና ገላገል በሉ ይላል። ይሠራል፤ አልክድም። ነገር ግን ዊንዶውስና ሊኑክስን በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን የሚጠቀም ሰው፣ የዊንዶውሱ ዲስክ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ ሴኩር ቡትን ሲያጠፋ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ አምጣ ብሎ በሩን ሊዘጋበት ይችላል። ያንን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ የሚያስታውስ ሰው ስንት ነው? ሰማያዊውን ገጽ አንድ ጊዜ በትዕግሥት ማለፍ ከዚያ ሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ካርዱ የሌላ ዓይነት ለሆነበት አንባቢ ጥቂት ልበል። ምናሌው ላይ ዋይፋይ የሚል ቃል ካለ ነገር ግን አልበራም ካለ፣ "አርኤፍኪል ሊስት" የሚለው ትእዛዝ ሁለት ዓይነት እገዳ ያሳያል። አንደኛው በሶፍትዌር የተደረገ ሲሆን "አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ" በማለት ይነሣል። ሁለተኛው በአካላዊ ማብሪያ ወይም በኪቦርዱ ላይ ባለ ቁልፍ የተደረገ ስለሆነ ምንም ትእዛዝ አያነሣውም፤ በላፕቶፑ ጎን ያለችን ትንሽ መንሸራተቻ ወይም የአንቴና ሥዕል ያለበትን ቁልፍ መፈለግ ነው። በእኛ ማሽን ላይ ይህ ትእዛዝ ያሳየው ብሉቱዙን ብቻ ነበር፤ ያም ችግሩ ከእገዳ ደረጃ በፊት እንዳለ የሚያመለክት ነበር፣ ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ። ዲሜስግ ፈርምዌር አልተገኘም የሚል መልእክት ካወጣ ደግሞ የፋይሉን ስም ጭምር ይነግርዎታል። ዴቢያን ከ12ኛው እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከሰኔ 2023 ወዲህ፣ ኮዳቸው ያልተከፈተ ፈርምዌሮችን በመጫኛው ውስጥ ስለሚያካትት ይህ ችግር በእጅጉ ቀንሷል፤ በድሮ ፍላሽ የሚጭን ሰው ግን አሁንም ይገጥመዋል።

ወደ ልጅቷ ላፕቶፕ ልመለስ። ዋይፋዩ መጣ እንጂ ጣጣው አላለቀም ነበር። ለጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ መስመሩ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ይህ የባትሪ ቁጠባ ነው። "ኢቲሲ" ውስጥ በኔትወርክ ማኔጀር ማህደር፣ "ኮንፍ ነጥብ ዲ" በሚለው ሥር፣ ስሙ ውስጥ "ፓወርሴቭ ኦን" የሚል ያለበት አንድ ትንሽ ፋይል አለ፤ "ዋይፋይ ነጥብ ፓወርሴቭ" ከሚለው አጠገብ 3 ተጽፎበታል። 3 ማለት ቁጠባው ይብራ፣ 2 ማለት ይጥፋ ነው። ወደ 2 ቀይሬ ኔትወርክ ማኔጀሩን እንደ አዲስ ካስነሣሁት በኋላ መቋረጡ ቆመ። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፤ ልጅቷ ግን አላጉረመረመችም። ሌላው ማወቅ የሚገባው ነገር 43142 የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ መሆኑ ነው። ስልክ የሚያየውን የ5 ጊጋኸርዝ ኔትወርክ ላፕቶፑ ካላየው ድራይቨሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ካርዱ በተፈጥሮው አያየውም።

ትልቁ ድንጋጤ የመጣው ልጅቷ ግቢ ከገባች በኋላ ነው። አንድ ማለዳ ደወለችልኝ፤ "ጋሼ፣ ዋይፋዩ ደግሞ ስሙ ጠፋ።" ሌሊቱን ከርነሉ ታድሷል። "ደብሊውኤል" የተገነባው ለቀድሞው ከርነል ስለሆነ፣ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር ዲኬኤምኤስ ለአዲሱ እንደገና ይገነባዋል፤ ለግንባታው ደግሞ የአዲሱ ከርነል "ሄደርስ" የሚባሉት ፋይሎች ያስፈልጉታል። በተለመደው አካሄድ እነሱም ከከርነሉ ጋር አብረው ይወርዳሉ። በዚህ ማሽን ላይ ግን አልወረዱም፤ ምክንያቱም ዲስኩ ጠባብ ነው ብዬ፣ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ፣ "ሊኑክስ ሄደርስ ጀነሪክ" የሚለውን ፓኬጅ አላስፈላጊ መስሎኝ በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ።

በስልክ የመራኋት እንዲህ ነው። ማሽኑን አጥፍታ ስታበራው የኡቡንቱ የመነሻ ዝርዝር እንዲመጣ የኢስኬፕ ቁልፍን እንድትነካ፣ ከዝርዝሩም "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" የሚለውን ከፍታ ከላይ ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን፣ አነስተኛ ቁጥር ያለውን ከርነል እንድትመርጥ ነገርኳት። በአሮጌው ከርነል ዋይፋዩ ወዲያው መጣ። ከዚያ ሆና የሰረዝኩትን ፓኬጅ መልሳ ጫነች፤ "ዲኬኤምኤስ ስታተስ" ብላ ስትጠይቅም ድራይቨሩ ለሁለቱም ከርነሎች መጫኑን አነበበችልኝ። ኡቡንቱ ቀድሞ የነበረውን ከርነል ወዲያው የማይሰርዘው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ መነካት የሌለበትም እሱ ነው።

ካርዱን በሌላ መተካትስ አይሻልም ወይ ለሚል፣ አስቤበት ነበር። አብሮ ከከርነሉ ጋር የሚመጣ ድራይቨር ያለው ያገለገለ የኢንቴል ካርድ ቢገጠም ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። ነገር ግን ከመግዛት በፊት ማሽኑን ከፍቶ መሰኪያው አሮጌው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይሁን አዲሱ ኤም 2 ማየት ግድ ነው፤ የሁለቱ የአንቴና ገመድ ራሶችም መጠናቸው አንድ አይደለም። አንዳንድ የኢንቴል ካርዶች፣ ለምሳሌ ኤኤክስ201፣ ግማሽ ሥራቸውን ለማሽኑ ቺፕሴት የተዉ ስለሆኑ ይህን በማይደግፍ ማሽን ላይ ቢሰኩ አይሠሩም፤ ኤኤክስ200 ግን ራሱን የቻለ ነው። ባዮሳቸው ከተፈቀደላቸው ካርድ ውጪ አልቀበልም የሚል ላፕቶፖችም አሉ። እኛ ለጊዜው ተውነው።

ለእረፍት ስትመጣ ላፕቶፑን ገልብጬ ከሥሩ አንዲት ወረቀት በፕላስተር ለጠፍኩላት። በላይኛው መስመር የካርዱ መለያ ቁጥር አለ፤ በሁለተኛው "ዋይፋይ ከጠፋ አሮጌውን ከርነል ምረጪ"፤ በሦስተኛው "ሰማያዊ ገጽ ከመጣ አትፍሪ፣ ቶሎ ተጫኚ" ይላል። እሷ ደግሞ በራሷ እጅ ጽሑፍ አራተኛ መስመር ጨምራበታለች፦ "ጋሼ ምንም ፋይል እንዳይሰርዝ።"